«ሆዴን አመመኝ»፦ ስለ አንድ ቃልና ስለ አስተርጓሚ ዕዳ

በዚህች ጋዜጣችን ገጾች ላይ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባና ስለ ጡረታ ብዙ ይጻፋል፤ ተገቢም ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ግን ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ሆድ» ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ሆኖም በዚህ በሁለት ፊደል ቃል ምክንያት አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ በድያለሁ። በመጀመሪያው ቃሉን ብቻ ስለ ተናገርሁ፣ በሁለተኛው ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ሁሉ ስለ ተናገርሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ እስካሁን ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ክርክሩን ብቻዬን ከምይዘው ለእናንተም ባካፍል ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ የሆነው በ1993 እዚሁ አሽቀሎን ነው። እኔ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ የመጣሁ፣ ዕብራይስጡን ከትልልቆቹ ቀድሜ የያዝሁ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አይጠፋም ነበር። ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ ይጠራል፤ የውሃ ሒሳብ ሲመጣ ይጠራል፤ ትልቅ ሰው ሲታመም ከክፍል ወጥቶ ሐኪም ዘንድ አብሮ ይሄዳል። ደመወዝ የሌለው፣ ማንም ያላስተማረው፣ ስህተቱንም ማንም የማያርመው አስተርጓሚ ነበር። የእናቴ እኅት ከእኛ ቀድማ በሱዳን በኩል በ1984 መጨረሻ ገብታለች። ብዙ ዓመት ብትቆይም ዕብራይስጧ ከ«ሻሎም» እና ከ«ካማ ዜ ዖሌ» እምብዛም አልራቀም። ስለዚህ የእርሷም አስተርጓሚ እኔው ሆንሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኩፓት ሆሊም አብረን ሄድን። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማት ጠየቀ። እርሷም «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ሌሊት ሌሊት ይብስብኛል» አለች። እኔ ወደ ሐኪሙ ዞሬ «ኮኤቭ ላ ሐቤቴን፣ ብዒካር ባላይላ» አልሁት። ሆዷን ያማታል፣ በተለይ ሌሊት፣ ማለቴ ነው። ሐኪሙ ትጉ ሰው ነበርና ደሟን አስመረመረ፣ ሰገራዋን አስመረመረ፣ በመጨረሻም በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዋን እንዲያዩላት ላካት። ቱቦውን ስትውጥ እጄን ይዛ ነበር። ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ «ሐኮል በሴዴር» አለ። እኔም «ሁሉም ደኅና ነው ይላል» ብዬ ተረጎምሁ። አክስቴ ወለሉን አየች እንጂ መልስ አልሰጠችም።

«ሆዴን ባር ባር አለኝ» ምን ማለት እንደ ሆነ ለትልልቆቻችሁ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ይህንን ገጽ ለሚያነቡ ልጆቻችን ግን ልንገራቸው፦ ሰው የሚወደው ሲለየው፣ ቤቱ ባዶ ሲመስለው፣ ምክንያቱን በውል የማያውቀው ፍርሃትና ብቸኝነት ሲሰማው የሚለው ነው። በጨጓራ ላይ የሚታይ ቁስል የለውም። እኔም በ16 ዓመቴ ይህንን አውቅ ነበር፤ በደሌን በደል የሚያደርገውም ይኸው ነው። ባላውቅ ኖሮ ስህተት ይባል ነበር። አውቄ፣ ግን በዕብራይስጥ እንዴት እንደሚባል ስላልመጣልኝ፣ ሐኪሙም ፊት ማፈር ስላልፈለግሁ ቀላሉን ቃል ወሰድሁ። «ሆድ» ቤቴን ነው አልሁ። መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ይላል።

የኛ ሰው በሆዱ የማያደርገው ነገር የለም። ምግብ በሆድ ይገባል፤ ይህ የሁሉም ሰው ነው። ነገር ግን ቂም የሚያዘው በሆድ ነው፤ ምሥጢር የሚቀበረው በሆድ ነው፤ ሁለት ወዳጆች ሲገናኙ የሚጫወቱት «የሆድ የሆዳቸውን» ነው፤ ሲጣሉ ደግሞ ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። የተከፋ ሰው ሆድ ይብሰዋል። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ቡቡ ይባላል። ለጥቅሙ ሲል ወገኑን የሚሸጥ ሆድ አደር ነው፤ ከዚህ የከፋ ስድብም ብዙ የለም። ሊነገር የማይቻል ነገር የገጠመው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይተወዋል። ጠላ ጠጥቶ ሲለፈልፍ የተገኘ ደግሞ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባልበታል። አክስቴ እኔን ስትጠራኝ እንኳ «ሆዴ» ትለኛለች። ይህን አንድ ጊዜ ለክፍል ጓደኛዬ ወደ ዕብራይስጥ መልሼ ብነግረው ሲስቅብኝ ዋለ። (በማዶው ገጽ ይህንን ጽሑፍ ወደ ዕብራይስጥ የሚመልሰው ወንድሜ በዚህ አንቀጽ ላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ሆደ ሰፊ ይሁንልኝ።)

ከሆድ ጎን ልብና አንጀትም አሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። አንጀት የርኅራኄ ቦታ ነው። የሚያሳዝን ሰው አንጀት ይበላል፤ ጥቃቱን የተወጣ ሰው አንጀቱ ይርሳል። ልብ ደግሞ በአማርኛችን ከስሜት ይልቅ ለማስተዋል ይቀርባል። ልብ በል፣ ልብ አድርግ፣ ልብ ግዛ እንላለን። ልቦና ማለት ማስተዋል ነው። ዕብራይስጡም «ሲም ሌቭ» ሲል ልብህን አኑር፣ ልብ በል ማለቱ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ከአምላኩ የለመነው የሚያስተውል ልብ መሆኑም የታወቀ ነው፤ ሊፈርድበት እንጂ ሊያፈቅርበት አልነበረም።

ልብ እና ሌቭ ዘመዳሞች መሆናቸውን ልብ ያለ ሁሉ ያውቃል። ከአንድ የሴም ምንጭ የወጡ ናቸው፤ የጥንቱ አካድኛም «ሊቡ» ይለዋል። በአካድኛ ግን ይኸው ቃል ልብም፣ ሆድም፣ የማንኛውም ነገር ውስጥም ማለት ነበር። ዓይን ያው ዓይን ነው፣ ደም ዳም ነው፣ ራስ ሮሽ ነው፣ ኩላሊት ክላዮት ነው። ኡልፓን ውስጥ እነዚህን ያገኘ ሽማግሌ ሁሉ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ይደሰታል። ነገር ግን ዘመድ ሁሉ በአንድ ቤት አይኖርም። በዕብራይስጥ «አፍ» ማለት አፍንጫ ነው፤ ሐኪም «አፍ» ብሎ አፍንጫ ሊያይ ሲል አፋቸውን የከፈቱ እናቶች ስንት ናቸው! ግዕዝ «ከብድ» የሚለው ቃል አለው፤ ትግርኛ «ከብዲ» ብሎ ለሆድ ይጠቀምበታል፤ ዕብራይስጥ ግን «ካቬድ» ሲል ጉበት ማለቱ ነው። አንድ ቃል በአንዱ ቤት ሆድ፣ በሌላው ቤት ጉበት ሆኖ ቀረ።

የግዕዙ የሆድ ስም ደግሞ «ከርሥ» ነው። ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ የኖሩ ቄሶቻችን የሚያውቁት ይህንን ነው። ዕብራይስጡም «ካሬስ» ይላል፤ ዛሬ በመንገድ ላይ «ኬሬስ» የሚባለው ቦርጭ ነው። አማርኛ ከርሥን ጨርሶ አልጣለውም። ከርሳም ብሎ ለስድብ፣ ከርሰ ምድር ብሎ ደግሞ ለውሃ ቁፋሮ አስቀምጦታል። ለሰው ግን ሆድን መረጠ። ሆድ በዕብራይስጥ ዘመድ የለውም። መልኩን የሚመስል አንድ ባዕድ ብቻ አለ፤ እርሱም ክብርና ግርማ ማለት ነው። አክስቴ በመጀመሪያው ዓመት በአውቶቡስ ጣቢያ «ሆድ ሐሻሮን» ሲባል ሰምታ፣ ይህ ሁሉ ሰው ወደ ሻሮን ሆድ ምን ሊያደርግ ይሄዳል ብላ ጠይቃ ነበር።

የቃሉ ትውልድ እንዲህ ሲሆን፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሰዋስዉ ነው። ትምህርት ቤት ያላስተማሩን፣ ነገር ግን ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

«ሆዴን አመመኝ» ስንል ማነው ያሳመመው? ማንም የለም። «ውሻው ነከሰኝ» ብንል ውሻው አለ። በ«አመመኝ» ውስጥ ግን አድራጊው አንድ ስም የሌለው «እርሱ» ነው። ተደራጊዎቹ ደግሞ ሁለት ናቸው። ሆዴ «ን» ይዞ ተደራጊ ሆኗል፤ እኔም «ኝ» ይዤ ተደራጊ ሆኛለሁ። ሕመሙ ሁለታችንንም ባንድ ጊዜ መታን። ዕብራይስጡ ግን «ኮኤቬት ሊ ሐቤቴን» ሲል ሆዱ ራሱ ያማል፣ ለእኔ። ያኔ እኔ «ኮኤቭ» ማለቴ ሌላው ስህተቴ ነው፤ ቤቴን በሴት ጾታ ይነገራል፤ ሐኪሙ አላረመኝም።

አሁን ይህንን አስተያዩ። አንድ ጎረምሳ ቢማታኝና እጄ ቢሰበር «እጄን ሰበረኝ» እላለሁ። ይኸው ጎረምሳ ወንበሬን ቢሰብር ግን «ወንበሬን ሰበረኝ» አልልም፤ ብል ሰው ይስቅብኛል። «ወንበሬን ሰበረብኝ» ነው የምለው። በሁለቱም ላይ የኔ መሆኑ ተነግሯል፤ እጄ፣ ወንበሬ። ነገር ግን «ኝ» እና «ብኝ» ይለያዩአቸዋል። እጄን የነካ እኔን ነክቷል። ወንበሬን የነካ የኔን ነገር ነክቶ፣ ጉዳቱ በኔ ላይ ወደቀ። በዕብራይስጥ እጅም ይሰበር ወንበርም ይሰበር «ሻቫር ሊ» ነው፤ ልዩነቱን ቋንቋው አይጠይቅም። አማርኛ ግን አፋችንን በከፈትን ቁጥር ይጠይቀናል፦ ይህ ነገር አንተ ነህ ወይስ ያንተ ነው?

እኛ ብቻ እንዳልሆንን ያወቅሁት ከአንድ ጎረቤቴ ነው። ከጆርጂያ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን ይዘው «ታቪ ምትኪቫ» ሲሉ ሰማኋቸው። ምን ማለት ነው ብላቸው ቃሉን ከፋፍለው ነገሩኝ። «ታቪ» ራስ ነው፤ በ«ምትኪቫ» መጀመሪያ ላይ ያለችው «ም» ደግሞ የኛ «ኝ» ናት። ይባስ ብሎ በእነርሱም ቋንቋ ራስ ማለት እንደኛው «እኔው ራሴ» ለማለትም ይሆናል። ዕብራይስጡ በዚህ ቦታ አጥንትን መረጠ፤ «ዓጽሚ» ሲል አጥንቴ ብሎ «እኔ ራሴ» ማለቱ ነው። ጃፓኖችም ሆድን «ሃራ» ይሉታል፤ ልቡን ገልጦ የሚናገረውን ሰው ሆዱን ሰነጠቀ ይሉታል አሉ። ዕብራይስጡም ቢሆን ሆድን ለሥጋ ብቻ አልተወውም። «ቤቴን ምሌአ» ያለው ሰው ጠግቤአለሁ ማለቱ ሳይሆን ብዙ ቅሬታ አለኝ ማለቱ ነው። ይህንን በ1993 ባውቅ ኖሮ ለሐኪሙ መንገድ አገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። በ1990ዎቹ ዓመታት የእስራኤል ሐኪሞችም የኛ ሰው ኀዘኑን በሰውነቱ ክፍሎች ስም እንደሚናገር እየተረዱ በሕክምና መጽሔቶቻቸው ላይ ጽፈውበታል፤ ያ ጽሑፍ ግን እኛ ቁጭ ያልንበት ክፍል ድረስ ገና አልደረሰም ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ቱቦውን ከዋጠች ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሊቱ አልለቅ ስላላት ወደዚያው ሐኪም ተመለስን። «አሁንም ሆዴን» አለች። ሐኪሙ ሌላ ምርመራ ሊያዝ ወረቀት ሳበ። እኔ ያንን ቱቦ አስታወስሁና አላስቻለኝም። እናቴ በሹክሹክታ የነገረችኝን ሁሉ በዕብራይስጥ ዘረገፍሁት። አክስቴ በሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወዲያ ባለው በኡም ራኩባ መጠለያ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጇን እንደ ቀበረች፤ በዚያ አይሁድነት ይደበቅ ስለ ነበር ልቅሶው ድምፅ እንዳልነበረው፤ እዚህ ከደረሰች በኋላ የወለደቻቸው ልጆች እኅት እንደ ነበረቻቸው እንኳ እንደማያውቁ፤ ሌሊት ሆዴን የምትለው ይህንን እንደ ሆነ ነገርሁት።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያም አክስቴን አያት። ያ አስተያየት ከዚያ በፊት ያያት ዓይነት አልነበረም። ቀጥሎ እስክሪብቶውን አነሣና በፋይሉ ላይ ረጅም ጻፈ። እርሷ ከተናገርሁት አንድ ቃል አልገባትም፤ አስተያየቱ ግን ገባት። ውጭ ስንወጣ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ፣ «ምን አልኸው?» አለችኝ። መዋሸት አልቻልሁም። ሰምታኝ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«እኔ ሆዴን አመመኝ አልሁህ እንጂ፣ ሆዴን ቅደደኝ አልሁህ?»

ከዚያ በኋላ እስከ ስግድ በዓል ድረስ አላነጋገረችኝም። ሆድና ጀርባ ሆንን ማለት ይህ ነው። በስግድ ዕለት ሰው ሁሉ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በጋራ ኃጢአቱን ሲናዘዝ፣ ከጎኔ መጥታ ቆመች። ይቅር ማለቷን በዚህ አወቅሁ፤ ስለ ነገሩ ግን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አስተርጓሚ ምን ዕዳ አለበት? ለቃሉ ነው ወይስ ለሰውየው? ለሰውየውስ ከሆነ ለጤናው ነው ወይስ ለፈቃዱ?

ይህንን ጉዳይ ያማከርኋቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለዋል። አንዳንዶቹ፣ በተለይ በሙያው የሠለጠኑት፣ አስተርጓሚ ቧንቧ ነው ይላሉ። የገባውን ያወጣል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ልክ ነበር፣ የቀረው የሐኪሙ ሥራ ነው ይሉኛል። ይህ መልስ ደስ አይለኝም። ቧንቧ ውሃውን አይለውጥም፤ እኔ ግን ለውጬዋለሁ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያለችውን «ሆዷን ያማታል» ስል እያንዳንዱ ቃል የሚከሰስበት ነገር የለም፤ ሴትዮዋ ግን ከውስጡ ጠፍታለች። ቃል በቃል መተርጎም ለፈሪ አስተርጓሚ ጥሩ መደበቂያ እንደ ሆነ ከራሴ አውቃለሁ። ማንም አይወቅሰውም፤ ቱቦውን የሚውጠው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ሐኪም ሁሉን ካላወቀ አያድንም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቀን ነው ልክ፣ አክስትህ ብትቆጣም ለራሷ ጥቅም ነው ይላሉ። ይህ ጠንካራ ነገር ነው፤ በቀላሉ ልጥለው አልችልም። ከዚያ ቀን በኋላ ሐኪሙ ሁለተኛ ቱቦ አላዘዘባትም። ከማኅበራዊ ሠራተኛም ጋር ሊያገናኛት ሞክሮ ነበር፤ እምቢ አለች እንጂ። ጥቅም አላስገኘም ብል ውሸት ይሆናል። ሆኖም የጠቀማት ነገር ያልፈቀደችው ነገር መሆኑን አይሽረውም።

እዚህ ላይ ነው ያ «ኝ» እና «ብኝ» የሚመለስብኝ። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ የሕመምተኛን ምሥጢር ይጠብቃል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ እኛም ልናውቀው ይገባል። ነገር ግን ስለ ምሥጢር ስናስብ ብዙ ጊዜ የምናስበው እንደ ዕቃ ነው። በዕብራይስጥ «ቲክ» የሚሉት ፋይልም ነው፣ ቦርሳም ነው። በውስጡ የኔ ነገር አለ፤ ያለ ፈቃዴ የከፈተው ሰው ንብረቴን ነካብኝ። ሻንጣዬን ቀደደብኝ እንደማለት ነው። የተቀደደ ሻንጣ ደግሞ ይሰፋል፤ ለበጎ ነገር ከተቀደደም ካሣ ይከፈልና ያበቃል። አክስቴ ግን «ሆዴን ቀደድኸብኝ» አላለችም። «ቅደደኝ አልሁህ?» ነው ያለችው። የተነካው የያዘችው ነገር አልነበረም፤ እርሷ ነበረች። በዚህ ምክንያት ነው ጥቅሙ ጉዳቱን የማያካክሰው። ሰውን ለማዳን ሆዱን የሚከፍት ቀዶ ሐኪም እንኳ አስቀድሞ ያስፈርማል። እኔ ቢላዋ ባልይዝም ያደረግሁት ያው ነው፤ ያውም ሳላስፈርም።

ይህንን ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር አስቆመኝ፤ ሳልናገረው ባልፍ እኔም እንደ ፈሪው አስተርጓሚ መሆኔ ነው። ሰዋስው ስለ ልብ እውነት የሚመሰክር ከሆነ፣ ልጁ የሞተበት ሰው ምን ይላል? «ልጄ ሞተብኝ» ይላል። በ«ብኝ» ነው፣ እንደ ወንበሩ። ታዲያ አማርኛ ልጅን ከወንበር ጋር ቆጠረው? ከሆዷ የወጣውን፣ የአብራኳ ክፋይ የሆነውን? ማንም እናት ይህን አትቀበልም፤ ሰዋስዉም ይህን ማለቱ አይደለም። ዕብራይስጥ ተናጋሪው ጎረቤታችን በ«ሊ» ብቻ ስለሚናገር ከኛ ያነሰ አያፍርም፣ ያነሰም አይታመምም። ስለዚህ ቋንቋችን ምሥጢርን ከሌላው ሕዝብ አብልጠን እንድናከብር አድርጎናል ብዬ አልመጻደቅም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አልስማማም። ቋንቋ ዳኛ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ግን በጣቱ እንደሚጠቁም ሽማግሌ «እዚህ ጋ ልብ በል» ይለናል፤ ልብ ማለቱ የኛ ፈንታ ነው። እኔ ባለችው ቃል ልብ ያልሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ደግሞም አክስቴ ስለዚያች ልጅ ስትናገር «ሞተችብኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። በ2007 በሄርጽል ተራራ በመንገድና በሱዳን ላለቁት ወገኖቻችን መታሰቢያው ቆሞ፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በዚያ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ያለቁት 4,000 ያህል ይሆናሉ ይባላል። አንድ ዓመት ይዣት ሄድሁ። ብዙ ሰው ስም እየጠራ ያለቅስ ነበር። እርሷ ስም አልጠራችም። ነጠላዋን በወገቧ አጥብቃ አስራ፣ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ያኔ ሆዴን ቆረጠኝ፤ እስካሁንም ይቆርጠኛል» አለችኝ። ቆረጠኝ፣ በ«ኝ»። ስለ ልጇ ለእኔ በራሷ አፍ የተናገረችው ያንን ብቻ ነው፤ ጊዜውን የመረጠችውም እርሷ ናት።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። በ2011 የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለሁሉም እንዲያመቻቹ መመሪያ አወጣ፤ በስልክ የሚያስተረጉሙ፣ ሥራውን የተማሩ ሰዎችም አሉ። የ16 ዓመት ልጅ ከክፍል ወጥቶ የእናቱን ወይም የአክስቱን ሆድ ተሸክሞ ሐኪም ፊት መቆም የለበትም፤ ይህንን ለወላጆች በጥብቅ አሳስባለሁ። አክስቴ ግን ሰባ አምስትን ብታልፍም ስልኩን አትወድም። «ፊቱን የማላየው ሰው ምኔን ያውቃል» ትላለች። ስለዚህ አሁንም የምሄደው እኔ ነኝ፤ ፀጉሬ ሸብቶም አስተርጓሚዋ ነኝ።

ባለፈው ሰሞን ቀጠሮ ነበራት። ሐኪሟ አሁን ሌላ ነው፣ ወጣት ነው። ከክፍሉ ውጭ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ፣ እንደ ልማዴ ዝቅ ብዬ ጠየቅኋት።

«አክስቴ፣ ዛሬ የቱን ሆድ ነው የምነግረው?»

ጥቂት አሰበች።

«የምግቡን ንገረው፣ ሆዴ» አለችኝ። «የሌላውን እኔው እነግረዋለሁ፣ ዕብራይስጡን ትንሽ ልልመደውና።»

ከዚያ ስሟ ተጠራ፤ ተነሥተን ገባን።